የገመዱ ጭራ

በረዶ ያዘለ ዝናብ ሦስት ሌሊት ጥሎ፣
ጫካውን ሰበረው በመስታወት ጠቅልሎ።
ከሎጋቴጽ ወዲያ መንገዱ ተዘጋ፣
ግንድ ከግንድ ላይ ወድቆ አገኘነው ሲነጋ።
እኛም ሦስት ሆነን በማለዳ ወጣን፣
ብርቱካናማውን ቅርንጫፍ መፍጫ እየጎተትን።

ሉድቪክ ነው አለቃው። ሠላሳ ዓመት ሠርቶ
ይኸው አሥር ጣቱ፣ አንድም ሳይጎድል ከቶ።
ማታ በቢራ ፊት ቆጥሮ ያሳየናል፣
ገበሬ ከብቱን በረት ሲያስገባ ይመስላል።

«ቀለበት አውልቁ። ሹራብ ወደ ውስጥ።
የሚንጠለጠል ክር አይኑር፣ ይቆረጥ።
ጆሮ ይደፈን፣ ዓይንም ይሸፈን፤
ከአፉ ፊት አትቁሙ፣ በጎን ነው ቦታችን።
ወፍራሙን ጫፍ ስጡት፣ ወዲያው እጅ ልቀቁ፤
መሳብ የሱ ሥራ ነው፣ እናንተ ራቁ።
ይሄ እጅ አያውቅም፣ እግርም አያውቅም፤
ሁሉም እንጨት ነው ለሱ፤ በልቶም አይመርቅም።»

እኔ ያኔ አዲስ ነኝ፤ ሃያ አንድ ዓመቴ፣
«ሽማግሌ ፈሪ ነው» ይለኛል ትዕቢቴ።
አፈ ሰፊ ጓንት ነበር ያጠለቅሁት፤
ሉድቪክ ቃል ሳይወጣው አወለቀና ከእጄ
የቅርንጫፍ ጉጥ ላይ ሰክቶ ጎተተው።
ጓንቱ ሄደ።
«እጅህ ውስጡ ቢሆን?» አላለኝም።
ጠባቡን ወረወረልኝ።

አንዴም ታነቀብን በእርጥብ ቅጠል ጭቃ፤
እግሬን ዘረጋሁኝ፣ ልረግጠው። «በቃ!»
ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣
ድንጋይ ላይ ተቀመጠ እግሩን ዘርግቶ።
«ጠፍቷል እኮ!» አልኩት።
«ድምፁ ነው የጠፋው።
ስለቱ ውስጥ ለውስጥ ይዞራል እንደ ቂም፤
እስኪበርድለት ድረስ ማንም አይነካውም።»

ቀትር ላይ ዝዴንካ ሊንደኑ ላይ ወጣች፣
ከጸሎት ቤቷ ጣሪያ ከፍ ብላ ታየች።
ተሰብሮ የቀረውን፣ የተንጠለጠለውን
መጋዟ ሲያወርደው እኛ እንጎትተው።
ፍጫዩ ማር ማር ይላል፤ ወይዘሮ የሪጻ
በጋሪ ትወስዳለች ለጽጌረዳዋ አፈር።
የገመዷ ጭራ ሣር ላይ ወርዶ ተኝቷል፣
ፀሐይ የሚሞቅ እባብ። ማን ልብ ይለዋል?

እቅፍ ሙሉ ይዤ ከመፍጫው ደረስኩኝ፣
ወፍራሙን ጫፍ ሰጠሁ፣ በጎን ቆሜ ራቅሁኝ።
እንደተማርኩት ሁሉ። እንዲያውም ኮራሁኝ።

ያኔ ሣሩ ውስጥ ገመዱ ሄደ።
በራሱ።
መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣
ከዚያ እንደሚቸኩል ሰው።
አንድ ቀንበጥ ለካ ጭራውን ቆልፎት ነበር።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ የኔ አፍ ምን ያደርጋል፣
ከዚያ ትልቅ አፍ ፊት ድምፄን ማን ይሰማል?
ጉልበቴ ግን ያውቃል። ያን ቀዩን ዘንግ
ጠዋት ጠዋት ሉድቪክ፣ ሞተር ሳይነሳ፣
አሥር ጊዜ በጉልበት፣ አሥር ጊዜ በደረት
ያስገፋኝ ነበረ፤ እኔም በሆዴ እስቃለሁ።

ገፋሁት።

ሮለሮቹ ቆሙ። ቀና ብዬ ሳይ
ገመዱ ክር ሆኗል፣ ቀጥ ብሏል ወደ ላይ፤
ዝዴንካ በሁለት እጇ ግንዱን አቅፋ
እንደምትሰናበት ጉንጯን ለጥፋበታለች።

ወረደች። አልሰደበችኝም።
የታኘከውን ጫፍ በቢላዋ ቆርጣ
መዳፌ ላይ አኖረች፤ ሙቀት ነበረው።
ሉድቪክም የኔን ስህተት አላነሳ፤
«ገመዱን መሰብሰብ የሦስታችን ነበር»
አለና ዳቦ ቆረሰ።
የጎመን ሾርባችንን ዝም ብለን ጠጣን፤
የዝዴንካ ማንኪያ ብቻ
ሳህኑን ቀጨል ቀጨል።

ዛሬ መፍጫው የኔ ነው፣ ቁልፉም ከኔ ኪስ፤
ቁራጭ ገመድ ታስሮበታል፣ አመድ የመሰለ፣ ጥርስ የነካው።
ትናንት አዲስ መጣ ቪድ የሚባል ልጅ፤
«ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ሲስቅ፣
«እነግርሃለሁ» አልኩት፤ «ቀለበትህን አውልቅ እንጂ።»